በአጥሩ ቀዳዳ ያለፈ ወተት

በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ዋሽቼ ይሆናል፤ የተቀጣሁባቸው ግን ሁለት ናቸው። አንዱን ለሐኪም ዋሸሁ፤ ዓመት ከመንፈቅ አልጋ ላይ ጣለኝ። ሁለተኛውን ለባሌ እህት ዋሸሁ። እሱ ያሳጣኝን በቦታው እጽፈዋለሁ።

ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ማዘን የፈለገ ሰው ያኔ ነበር መምጣት የነበረበት። የምጽፈው ወገቡን ይዞ ከክሊኒክ ክሊኒክ የሚንከራተት ካለ እንዲያነበው ነው። ደግሞም ጅጅጋ ውስጥ ስለ እኔ ሕመም ሲወራ የኖረ ነገር አለ፤ አንዳንዱን ያስወራሁት እኔ ራሴ ስለሆንኩ፣ ማረምም የእኔ ፈንታ ነው።

ጅጅጋ የገባሁት ባለቤቴ አስተማሪ ሆኖ ሲመደብ ነው፤ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም። ጥሩ ሰው ነበር፣ ታመመ፣ ሞተ። ልጅ አልነበረንም። ደብረ ሲና ያሉ ዘመዶቼ «ተመለሺ» ብለው አንድ ደብዳቤ ጻፉ፤ ሁለተኛ አልጻፉም። እኔም የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ እዚያው ቀረሁ።

ከጓሮዬ አጥር ማዶ ሰሃራ የምትባል ወተት ነጋዴ ትኖር ነበር። የላም ወተት ለክርስቲያኑና ለመንግሥት ሠራተኛው ትሸጣለች፤ የግመሉን ለአገሬው ሰው። እንዳይቀላቀል የላሙን ዕቃ አፍ በነጭ ጨርቅ፣ የግመሉን በሰማያዊ ታስረዋለች። ይህን ሁሉም ደንበኛ ያውቃል። በመካከላችን ያለው አጥር ከተቀደደ በርሜል የተሠራ ቆርቆሮ ነው፤ ጥጉ ላይ ተገንጥሎ እጅ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበረው።

ባሌ ከሞተ በኋላ እህል አልወርድ አለኝ። ለቀስተኛው ተበትኖ ብቻዬን ስቀር፣ አንድ ማለዳ በዚያ ቀዳዳ የብረት ኩባያ የያዘ እጅ ገባ።

«አባዮ፣ ጠጪ። ሰው በእንባ ብቻ አይኖርም።»

አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው።

«የምን ወተት ነው?» አልኳት።

«የግመል። ከፈለግሽ ጠጪ፤ ካልፈለግሽ ለድመት ስጪው።»

እንዲህ ነው ያለችኝ። በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ኩባያ። አንባቢ ይህን ይያዝልኝ።

እኔ ባደግሁበት ቤት የግመል ወተት የጠጣ ክርስቲያን ከሃይማኖቱ እንደወጣ ነው የሚቆጠረው። ቢሆንም ጠጣሁት። ዕቃውን በእንጨት ጭስ ስለሚያጥኑት ጭስ ጭስ ይላል። ሆዴ ተቀበለው። በማግስቱም ኩባያው መጣ፤ በሦስተኛውም ቀን። ስድስት ዓመት እንዲህ ጠጣሁ። ከጠጣሁ በኋላ ሽታው እንዲጠፋ የሎሚ ልጣጭ አኝካለሁ። እሷ ሁልጊዜ አባዮ ትለኛለች። እኔ አንድ ቀን እንኳ መልሼ አባዮ ብያት አላውቅም፤ ሰሃራ እላት ነበር።

የምደበቀው ከአንድ ሰው ነው። የባሌ ታላቅ እህት እትዬ ዘነበች «የወንድሜ ሚስት ብቻዋን አትቀመጥም» ብለው ከድሬዳዋ ዕቃቸውን ጭነው መጡ። ማንም አልጠራቸውም። በጽሑፌ ሁሉ አንቱ እላቸዋለሁ፤ ልማድ ነው እንጂ አክብሮት አይደለም። በመጡ በዓመታቸው የሴቶቹ ጽዋ ማኅበር የሚንቀሳቀሰው በእሳቸው ቃል ሆነ። ማኅበር እዚያ ዳቦና ጠላ ብቻ አይደለም። ዘመድ በሌለበት አገር ስትሞት አስከሬንሽን የሚያጥበው፣ የሚያለቅስልሽ፣ አፈር የሚያለብስሽ ማኅበሩ ነው። ከዚያ የወጣ ሰው ማን ይቀብረዋል? እኔ ሞትን ያን ያህል አልፈራም። የምፈራው ቀባሪ ማጣትን ነበር።

ሕመሙ ሲጀምር መጀመሪያ የመጣው ላብ ነው። ቀን ደህና እውላለሁ፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ከዚያ እቃጠላለሁ፣ ከዚያ አንሶላው እስኪጨመቅ ያልበኛል። ሳምንት ይተወኝና ተሻለኝ ስል ይመለሳል። ቀጥሎ ወገቤ፣ ቀጥሎ የግራ ዳሌዬ። የስፌት መኪናውን መርገጫ በረገጥኩ ቁጥር አጥንቴ ውስጥ ሚስማር የሚገባ ይመስለኝ ነበር።

አንደኛው ክሊኒክ ወባ ነው አለኝ። ሁለተኛው ታይፎይድ። ጅጅጋ ላይ ታይፎይድ አለብህ ያልተባለ ሰው ካለ ክሊኒክ ሄዶ የማያውቅ ነው። የሰጡኝን ክኒን ጨርሼ ብመለስ ያንኑ ክኒን በሌላ ቀለም ሰጡኝ። ሦስተኛው ዘንድ የተቀመጠው ሰውዬ ወረቀቴን ሳይገልጥ «ሪህ ነው፣ ሥጋ ይተዉ» አለኝ። ሥጋ ከቀመስኩ ሦስት ወር አልፎኝ ነበር። ሦስቱም የምበላና የምጠጣውን አልጠየቁኝም። ከእነሱ ጋር ያለኝ ቂም ይኸው ነው። ቢጠይቁኝ እውነቱን እነግራቸው ነበር ወይ? አልነግራቸውም። ቢሆንም መጠየቅ ነበረባቸው።

እትዬ ዘነበች «ይህ የሐኪም አይደለም» ብለው ጸበል ወሰዱኝ። ጸበሉን አላማም። ትኩሳት የያዘውን ሰው ገና ጎሕ ሳይቀድ በነፋስ አቁመው በበረዶ ውሃ የሚያስጠምቁትን ሰው ግን አማለሁ። «ተናዘዢ፣ የደበቅሽው ነገር አለ» ይሉኝ ነበር። መደበቄን አውቀዋል። ምን እንደሆነ አላወቁም።

በመጨረሻ ሐረር ወደሚገኝ ትልቅ ሆስፒታል ሄድን። አውቶቡሱ ካራማራን ሲሻገር መንገዱ በነጠረ ቁጥር ነጠላዬን እነክስ ነበር። ባቢሌ ላይ ለውዝ ሻጮች መስኮቱን ሲያንኳኩ እትዬ ዘነበች ገዝተው እስከ ሐረር ቆረጣጠሙ፤ ድምፁ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ሆስፒታሉ ደርሰን ወረፋው በሦስተኛው ቀን ነው የደረሰን። አግዳሚው ሞልቶ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሳቃስት፣ እጁ በጀሶ የታሰረ አንድ ወታደር ካፖርቱን አውልቆ ከሥሬ አነጠፈልኝ። «እናቴ፣ እኔ በቆምኩበት እችላለሁ» አለኝ። ስሙን አልጠየቅኩትም። በዚያ ዓመት ከደረሰብኝ ደግ ነገር አንዱ እሱ ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። ወገቤን እያንኳኳ ብዙ ጠየቀኝ። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ያልተፈላ ወተት ይጠጣሉ እናቴ? የፍየል፣ የግመል?»

እትዬ ዘነበች ወረቀቶቼን ታቅፈው ከጎኔ ቆመዋል። ሳቁ። «ኧረ ዶክተር! እኛ ክርስቲያን ነን እኮ! ግመል ትላለህ እንዴ?»

እሱ ግን እሳቸውን አላየም። ዓይኔን እያየ «እርስዎ ይንገሩኝ» አለ።

ያቺ ሴኮንድ ትመለስልኝ ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ። ማኅበሩ ታየኝ። ቀባሪ የሌለው ሬሳ ታየኝ።

«አልጠጣም» አልኩ።

«ይቅርታ፣ መጠየቅ ስላለብን ነው» አለና ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ሰረዘ። እሱን አልወቅሰውም። ትክክለኛውን በር አንኳኩቶ ነበር፤ ከውስጥ የቆለፍኩት እኔ ነኝ።

በራጅ አይተው የአከርካሪ ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም አሉኝ፤ ሳንባን የሚይዘው ቲቢ አጥንት ውስጥ ሲገባ ማለት ነው። ሽንቴን ቀይ የሚያደርግ ክኒን ለወራት ዋጥኩ። የሚያስገርመው መጀመሪያ ተሻለኝ። በኋላ እንደተረዳሁት ከክኒኖቹ አንዱ የእኔንም በሽታ በመጠኑ የሚገታ ነው። ሰሃራ መክሳቴን አይታ ኩባያውን ሁለት አደረገችው። «መድኃኒት ሆድ ይጎዳል፣ ዓኖ ጌል ይጠግናል። ወላሂ» ትለኛለች፤ ዓኖ ጌል የግመል ወተት ነው። በአንድ እጄ መድኃኒቱን፣ በሌላው በሽታውን እየዋጥኩ ከረምኩ። ክኒኑ ሲያልቅ ሕመሙ ሁሉንም ይዞ ተመለሰ። በዳሌዬ ምክንያት መርገጥ ስላቃተኝ የስፌት መኪናዬን ሸጥኩ። ሁለት ሰዎች ተሸክመው በበሩ ሲያወጡት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

እውነቱ የተገለጠልኝ ጅጅጋ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ኮሪደር ላይ ነው። ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ግመል ጠባቂ በትሩን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ለጎረቤቱ ሕመሙን ይነግረዋል። ሶማሊኛዬ የገበያ ሶማሊኛ ነው፤ ግን ገባኝ።

«ሲመሽ እሳት ነኝ፣ ሲነጋ ውሃ ነኝ» ይላል። «ሳምንት ይተወኛል፣ ይመለሳል። ወገቤን ጅብ የያዘው ይመስለኛል።»

የራሴን ሕመም በሌላ ሰው አፍ ሰማሁት። ከሱ ቀጥሎ ያለው ሰውም ወገቡን ይዟል፤ ከሱ ቀጥሎ ያለችውም ሴት። ነጭ ጋውን የለበሰችው የጤና መኮንን በሩ ላይ ቆማ አንድ በአንድ «ጥሬ ወተት?» ትላለች። ሁሉም «ታዲያ ምን እንጠጣ?» ብለው ይስቁባታል። ያኔ በሽታዬ ምን እንደሆነ አወቅሁ። ስሙን ብቻ ነበር የማላውቀው።

ተራዬ ደረሰ። እትዬ ዘነበች ተከትለውኝ ገቡ።

«እትዬ፣ እባክዎ ውጭ ይጠብቁኝ» አልኳቸው።

«የወንድሜን ሚስት ለማን ትቼ ነው የምወጣው?»

«ይውጡልኝ ነው ያልኩት።»

«አልወጣም።»

ወደ ጤና መኮንኗ ዞርኩ። «የግመል ወተት እጠጣለሁ፤ ሳይፈላ። በየማለዳው» አልኩ።

እትዬ ዘነበች ክንዴን ደግፈው ይዘውኝ ነበር። እጃቸውን ለቀቁና በነጠላቸው ጠረጉት። ያን አጠራረግ አልረሳም።

ደሜ ተመርምሮ ብሩሴሎሲስ ተባለ። ከከብት በጥሬ ወተት ወደ ሰው የሚመጣ፣ ካልታከመ መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ በሽታ ነው። መድኃኒት አለው፤ መርፌና ክኒን በአንድነት፣ ለሳምንታት፣ ሳይቋረጥ። ልጅቷ ወረቀቱን እየጻፈች «ማፍላት ብቻ ነበር እኮ እናቴ» አለችኝ። ክፋት አልነበራትም። እኔ ግን ወንበሩ ላይ እንዳለሁ አለቀስኩ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ውሸት ልምጣ። ባጃጅ ውስጥ ገብተን ገና መንገድ ሳንጀምር እትዬ ዘነበች ጠየቁኝ፦

«አውቀሽ ነው የጠጣሽው?»

እውነቱን ለመናገር የነበረኝ አቅም እዚያ ክፍል ውስጥ አልቆ ነበር። «የላም ነው ብላ ነው የምትሰጠኝ» አልኩ። «በቅርቡ ነው ያወቅሁት።»

«አላልኩም ነበር?» አሉ፤ ደስ አላቸው። «አታልላ አጠጣችሽ! ይኼ ወንድሜ ቢኖር የማይሆን!»

ማኅበሩ አለቀሰልኝ። ቦታዬ አልተነካም። «ነጩንና ሰማያዊውን ጨርቅ ትለዋውጣለች» የሚል ወሬ በክርስቲያኑ ሠፈር ሁሉ ተዳረሰ። አስተማሪዎቹ፣ የጦር ሠፈር ሚስቶች፣ የቢሮ ሰዎች የላም ወተት ከሰሃራ መግዛት አቆሙ። ስድስት ዓመት ያኖረኝን እጅ በሁለት ዓረፍተ ነገር ቆረጥኩት።

አንድ ማለዳ ከአጥሩ ማዶ ድምጿን ሰማሁ። መስኮቴ ክፍት ነበር።

«አባዮ፣ እኔ የላም ነው አልኩሽ?»

አልጋዬ ከቀዳዳው ሰባት እርምጃ አይሞላም።

«አባዮ፣ አለሽ?»

አለሁ። አልመለስኩም። በማግስቱ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀዳዳውን ከማዶ በቆርቆሮ መትታ ደፈነችው። ከወር በኋላ ዕቃዋን ሁሉ ጭና ልጇ ወዳለችበት ወደ ቶጎጫሌ ሄደች። የመጨረሻው ኩባያዋ እኔ ጋ ቀረ።

መርፌው አለቀ፣ ክኒኑ አለቀ። ትኩሳቱ እንደማይመለስ ያመንኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ሲመሽ ግንባሬን መዳበስ አመል ሆኖብኝ ነበር። ዳንኩ፤ ግራ እግሬ ግን ማንከሱ አልለቀቀውም። ሰዎች «እንኳን ማረሽ» ሲሉኝ ኩባያው መደርደሪያው ላይ ሆኖ ያየኛል። ብዙ ቀን ከጨርቅ ሥር ደበቅሁት፤ ብዙ ቀን መልሼ አወጣሁት።

በመጨረሻ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ለወተቱ ከባድ ቅጣት ይሰጡኛል ብዬ ነበር። ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ እንዲህ አሉኝ፦

«ለጠጣሽው ቀኖና አለኝ፣ እሰጥሻለሁ። በሰው ስም ላይ ለተናገርሽው ግን እኔ ጋ መድኃኒት የለም። ያሰርሽው አንቺ ነሽ፤ ባሰርሽበት ቦታ ሄደሽ ፍቺው።»

በጽዋው ቀን፣ ዳቦው ተቆርሶ ሲያልቅ፣ ተነሣሁ። «ሰሃራ አላታለለችኝም» አልኩ። «የግመል መሆኑን በመጀመሪያው ቀን ነግራኛለች። አውቄ ነው የጠጣሁት።»

«በሽታው ጭንቅላቷ ላይ ወጥቷል» አሉ እትዬ ዘነበች፣ ለሴቶቹ።

«አልወጣም እትዬ። ጣፍጦኝም ነበር።»

ይህችን የመጨረሻዋን ባልናገር ምናልባት ይምሩኝ ነበር። ግን ስንት ዓመት የታመቀች ቃል ናት። በሳምንቱ እትዬ ዘነበች ዕቃቸውን ጭነው ወደ ድሬዳዋ ተመለሱ። በነካሁት ሳህን አልበላም ብለው አዲስ ሳህን ገዝተው ነበር፤ እሱንም ይዘውት ሄዱ። የማኅበሩ ተራ ቤቴን እየዘለለ ያልፍ ጀመር። የፈራሁት ሁሉ ደረሰብኝ፤ አልሞትኩም። ከዚያ በኋላ ያሉት ሌሊቶች ግን ረጅም ነበሩ፤ ቀላል ነበር አልልም።

ኩባያውን ስኳር ሞልቼ ቶጎጫሌ ወረድኩ። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ሰሃራን ያገኘኋት ከባድ መኪኖች ከሚቆሙበት አጠገብ፣ በሸራ ጥላ ሥር ለሾፌሮች ሻይ ስትሸጥ ነው። ወተት መነገድ ትታለች። አርጅታለች። እኔንም ሳነክስ አየችኝ።

«ዳንሽ?» አለችኝ።

«ዳንኩ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለችና ብርጭቆ ማጠቧን ቀጠለች። ቆምኩ። ተቀመጪ አላለችኝም።

«ሰሃራ፣ ነግሬያቸዋለሁ። እንዳላታለልሽኝ።»

«ለማን?»

«ለማኅበሩ። ሁሉም ባለበት።»

«ለዚያች ለባልሽ እህትም?»

«ለእሷም።»

አንድ የመኪና ረዳት ሻይ ቢጠይቃት በእጇ አባረረችው። ከዚያ በርጩማ በእግሯ ወደ እኔ ገፋች። ከጀርባዋ ሰማያዊ ጨርቅ የታሰረበት ዕቃ አወጣች፤ ለራሷ የምታስቀምጠው ይመስለኛል። ወተቱን ድስት ውስጥ ገለበጠችና ከሰሉ ላይ ጣደችው።

ሰሃራ ድሮ «ወተት እሳት ካየ ሞተ፣ በረካው ይሄዳል» ትል ነበር። ከእናቷ የያዘችው ነው። አሁን ድስቱ ላይ ጎንበስ ብላ አረፋው እስኪነሣ ጠበቀች። ሲነሣ አወረደች፤ ሲረጋ እንደገና መለሰች። ሁለት ጊዜ አፈላችው። ምን በሽታ ይዞኝ እንደነበር ሰምታ ነበር ማለት ነው።

ስኳሩን ወደ ራሷ ቆርቆሮ ገልብጣ ኩባያውን አጠበችው። በእሱ ትቀዳልኛለች ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን ምሰሶው ላይ ባለ ሚስማር ሰቀለችውና ወተቱን በእንግዳ ብርጭቆ ቀዳችልኝ።

«ጠጪ፣ ወይዘሮ አስካለ» አለችኝ።

ወይዘሮ። ስሜን ከነማዕረጉ ስትጠራኝ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። ብርጭቆውን እስከ ታች ጠጣሁት።

ዛሬ መስፋት አልችልም፤ ቆሜ ግን ልብስ እቆርጣለሁ፤ ሁለት የሶማሌ ሴቶች እኔ የቆረጥኩትን ይሰፋሉ። ወተቴን ከገበያ በቀን እገዛለሁ፣ ሰው እያየኝ፤ አፈላዋለሁ። ስሞት ማን እንደሚቀብረኝ አላውቅም። ይህን ለምታነቡ የምለው አንድ ነው፦ ሐኪም ሲጠይቃችሁ አብሯችሁ የቆመው ሰው ማን እንደሆነ አትመልከቱ፤ መልሱ። የሚያስፈራችሁ ሰው ካለ አስወጡት። አልወጣም ካለም ፊቱ ላይ መልሱ። እኔ ይህን ስማር ዕድሜዬ ስድሳ ሊሞላ ነበር፤ መማሬም የተማርኩባትን ሴት አልመለሰልኝም።

ቶጎጫሌ ከዚያ ወዲህም እመላለሳለሁ። ወገቤ ከመንገዱ በኋላ ሁለት ቀን ያስተኛኛል፤ ቢሆንም እሄዳለሁ። ኩባያው እዚያው ሚስማር ላይ ነው። ከሸራው ጥላ ስደርስ «አባዮ» ብዬ እጣራለሁ።

«ግቢ፣ ወይዘሮ አስካለ» ትለኛለች፤ ድስቱን ትጥዳለች።